በአዲስ አበባ መታሰቢያዎች ዙሪያ የግማሽ ቀን ጉብኝት፦ የከፈልንበትና ያገኘነው

ከአርባ ዓመት በላይ በዋሽንግተን አካባቢ የኖረችው አክስቴ ለጥምቀት አገር ቤት በመጣች ጊዜ፣ ዘመድ አዝማዱ አዳዲሶቹን መናፈሻዎች ሊያሳያት ሲሽቀዳደም እርሷ ግን «መናፈሻችሁን ኋላ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ ይህ ከተማ ሟቾቹን የት የት እንዳስቀመጣቸው አሳዩኝ» አለች። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም፣ በየቀኑ በታክሲ የማልፋቸውን ሐውልቶች ለሰው ለማስረዳት የሚበቃ እውቀት እንደሌለኝ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በከተማዋ የታሪክ መታሰቢያዎች ዙሪያ የግማሽ ቀን ጉብኝት ከሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ጋር ተስማማን። ግምገማዬ በአንድ ቀንና በአንድ አስጎብኚ ላይ ብቻ የቆመ ስለሆነ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ሌሎችም ስላሉ፣ የምለው ነገር ከማንኛቸውም ጋር ለሚዋዋል ሰው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ክፍያው ለአንድ ሰው 1,500 ብር ሲሆን ሚኒባስ፣ አስጎብኚና የታሸገ ውኃ ይጨምራል። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። ከጠዋቱ 2:30 ተነሥተን 7 ሰዓት ላይ እንደምንጨርስ፣ በዚህም ጊዜ ውስጥ ስድስት ኪሎን፣ ምኒልክ አደባባይን፣ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልትና የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን እንደምናይ በጽሑፍ ተነግሮናል። ሚኒባሱ ንጹሕ ነበር፤ ሹፌሩ በሰዓቱ ደረሰ፤ ስለ መጓጓዣው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አስጎብኚያችን ሐውልቱን ትቶ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት መጀመሩ ከቀኑ ሁሉ የተሻለው ውሳኔው ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ የሆነው ይህ ስፍራ፣ በወረራው ዘመን የጣሊያኑ እንደራሴ የሮዶልፎ ግራዚያኒ መቀመጫ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ መወለዱን ምክንያት በማድረግ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ በግቢው ተሰበሰበ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶምም በዚያ የእጅ ቦምብ ወርውረው ግራዚያኒን አቆሰሉት። ይህን ትምህርት ቤት ያልተማረ የለም። ነገር ግን አስጎብኚው በቤተ መንግሥቱ ፊት አቁሞን፣ ሹማምንቱ የት እንደነበሩ፣ ምጽዋት ጠባቂው ሕዝብ በየት በኩል እንደተሰበሰበ፣ ጠባቂዎቹ ተኩስ ሲከፍቱ መውጫው ምን ያህል ጠባብ እንደነበር በእጁ እያመለከተ ባስረዳን ጊዜ፣ በመጽሐፍ የምናውቀው ነገር መሬት ያዘ። አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ለአንድ ሁለት ብር ብለው በመጡበት ግቢ እንደተዘጋባቸው ማሰብ፣ ተማሪዎች ደብተር ታቅፈው በሚመላለሱበት በዚያ ሣር ላይ ቆሞ ሲሆን ሌላ ነው።

እዚያው አጠገብ ወደ የትም የማይወስደውን ጠመዝማዛ ደረጃ አሳየን። ፋሺስቶቹ የሠሩት ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ አንድ ዓመት እንዲቆጥር የታሰበ ነበር ይባላል። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠችበት። በከተማው ካሉት መታሰቢያዎች ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው፤ ጠላት ለራሱ የሠራውን ትቶለት መጨረሻውን ግን ራሱ የጻፈ ሕዝብ ቀልድ ያለበት ይመስለኛል። አክስቴ በተማሪነቷ በዚህ ግቢ ለሁለት ዓመት ስትመላለስ ደረጃውን አይታው ምንነቱን ጠይቃ እንደማታውቅ ነገረችን። ወደ ግቢው ለመግባት መታወቂያ ስለሚጠየቅ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ድርጅቱ ይህን አስቀድሞ ባለመናገሩ አንዲት ተጓዥ በበሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆማለች።

ከግቢው ወጥተን መንገዱን ተሻግረን ወደ የካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ስንደርስ የአገልግሎቱ ጥንካሬም ድክመትም አብረው ታዩ። ሐውልቱ በ1940ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ወደ 28 ሜትር ከፍታ ያለው ነጭ ዓምድ ሲሆን፣ በነሐስ የተሠሩትን ቅርፆች ያበጁት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። አስጎብኚው ቅርፆቹን አንድ በአንድ እንድናይ ጊዜ ሰጠን፤ ራሱም ዝም አለ። ይህ ዝምታ ዋጋ ያለው ነው፤ ምክንያቱም በቅርፆቹ ላይ ያሉት የወደቁ ሰዎች፣ የሚጎተቱ አስከሬኖችና የሚያለቅሱ እናቶች ማብራሪያ የማይሹ ሲሆኑ፣ አብዛኛው አስጎብኚ ግን ገንዘብ የተከፈለው ለመናገር ስለሚመስለው የሚታየውን ነገር መልሶ በቃል ይነግራችኋል።

ንግግር የሚያስፈልገው ሐውልቱ የማያሳየው ነገር ነው። ሐውልቱ ላይ የሟቾች ስም ዝርዝር የለም። ቦምቡ ከተወረወረ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች በዱላ፣ በአካፋና በመሣሪያ የገደሏቸው፣ ቤታቸው ላይ ቤንዚን ተርከፍክፎ የተቃጠሉት ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው በየትኛውም ድንጋይ ላይ አልተጻፈም፤ ብዛታቸውም እስከ ዛሬ ያከራክራል። አስጎብኚው «30 ሺህ ሰው ሞቷል» ብሎ እንደ ቆጠራ ውጤት ተናገረና አለፈ። 30 ሺህ የሚለው የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር ነው፤ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል ደግሞ የዓይን ምስክሮችን ቃልና ሰነዶችን አገናዝቦ ወደ 19 ሺህ የሚጠጋ ግምት ላይ ደርሷል። ይህን ማንሣቴ የሰማዕታቱን ደም ለማሳነስ አይደለም፤ ካምቤል የደረሰበት ግምት ራሱ በዚያን ጊዜ ከነበረው የከተማዋ ነዋሪ አምስት ወይም ስድስት ሰው ውስጥ አንዱ ማለት ነው። አንድ ጎብኚ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቢነገረው፣ ስሞቹ ለምን እንዳልተጻፉም አብሮ ይገባዋል፤ ማንም ስላልቆጠራቸው ነው። ሁለቱን ጀግኖች በመኪናው ወደ ደብረ ሊባኖስ ያደረሳቸውና በኋላ ተይዞ የሞተው ስምዖን አደፍርስ እንኳ በዚያ ቀን ስሙ አልተነሣም፤ እኔ ጠይቄ ነው የተነገረን። ቦምቡን የወረወሩት ሁለቱ ሲታወቁ፣ መኪና የነዳው ሦስተኛው የሚረሳበት ምክንያት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አስጎብኚ ያስፈለገው ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር።

በዚህ ቦታ ላይ ቢነሣ ኖሮ ብዬ የተቆጨሁበት አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። በ2004 ዓ.ም ክረምት በጣሊያን አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለዚሁ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ቤት ተሠርቶለት ተመርቋል። ይህ ግንባታ በአዲስ አበባም በውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድም ተቃውሞ አስነሥቷል፤ የከተማዋ ከንቲባም በኋላ በጣሊያን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ነበር። ገዳዩም ተገዳዩም መታሰቢያ ያላቸው መሆኑን አክስቴ ከዋሽንግተን ሆና በጊዜው ሰምታ ነበርና ለተጓዦቹ የነገረችው እርሷ ናት። አስጎብኚው በትሕትና አዳመጠ፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ «እማማ» ሲላት የነበረውንም ተወና «እትዬ» ማለት ጀመረ፤ ይህ ለውጥ አክስቴን ከምንም በላይ ደስ ያሰኛት ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ስንወርድ በአራት ኪሎ አለፍን። አደባባዩ በስሙ ሚያዝያ 27 አደባባይ ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡትም በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ስለሆነ ሐውልቱ የቆመው ለዚያ ቀን ነው። ነገር ግን የትኛውም የታክሲ ረዳት «ሚያዝያ 27፣ ሚያዝያ 27» ብሎ ሲጣራ ሰምቼ አላውቅም፤ የካቲት 12 አደባባይም በሰው አፍ ስድስት ኪሎ ነው። ሚኒባሱ ስላልቆመ ሐውልቱን በመስኮት ነው ያየነው፤ በጉዞው ዝርዝር ላይ ስላልነበረም ቅር ልሰኝበት አይገባም።

ምኒልክ አደባባይ ላይ ያሳለፍነው ጊዜ አጭር ነበር። ፈረስ ላይ ያሉት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመርቆ፣ ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ነቅለው እንደቀበሩትና ከነጻነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ዳግም እንደቆመ በደንብ ተተረከልን። አጠገቡ በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፤ የመግቢያ ክፍያው በጥቅሉ ውስጥ ባለመካተቱ ከውጭ አይተን ተመለስን። ያን የሚያህል ሕንፃ በራፉ ላይ አድርሶ ተጓዥን መመለስ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም፤ ወይ መግቢያውን ዋጋው ውስጥ ማስገባት፣ ወይ በዝርዝሩ ላይ «ከውጭ ብቻ» ብሎ መጻፍ ይገባ ነበር።

የጉዞው ቅደም ተከተልም እዚህ ላይ ነው ያስቸገረኝ። ከ1929 ዓ.ም ጀመርን፤ ወደ 1888 ዓ.ም ተመለስን፤ ቀጥሎ በ1928 ዓ.ም ክረምት ወደተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ ሄድን፤ ከዚያ አርባ ዓመት ዘልለን ቀይ ሽብር ደረስን። ይህ መንገዱ ካልተዘጋጋ ለሹፌሩ ይቀላል፤ ለአድማጩ ግን አይቀልም። አርበኞች አዲስ አበባን ለማስመለስ ሐምሌ 1928 ዓ.ም ያደረጉት ሙከራ ከሸፈ፤ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን ተረሸኑ፤ ሰባት ወር ሳይሞላ የካቲት 12 መጣ። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች ናቸው፤ አንዱን ጠዋት ሌላውን ቀትር ላይ ገልብጦ መናገር ግን ምክንያትና ውጤቱን ያፋልሳል። ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ ቢወጣ ኖሮ ታሪኩ በራሱ ቅደም ተከተል ይሄድ ነበር፤ የሚጨምረውም ነዳጅ ይህን ያህል አይመስለኝም።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጋ አስጎብኚያችን የሰማዕትነታቸውን ታሪክ፣ ሕዝቡም መሬቱም ለጠላት እንዳይገዛ ማውገዛቸውን ጥሩ አድርጎ ነገረን። የሐውልቱን የራሱን ታሪክ ግን አልነገረንም። በ2005 ዓ.ም ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲባል ሐውልቱ ከቦታው ሲነሣ ከተማው ምን ያህል እንደተነጋገረበት፣ «ሁለተኛ ተሰደዱ» ያለው ሰው ብዛት፣ በ2008 ዓ.ም ሲመለስም የነበረው ደስታ ትናንት የሆነ ያህል ትዝ ይለኛል። ዛሬ ባቡሩ ከሥር ያልፋል። አክስቴ ይህን ሁሉ ስላልነበረችበት አታውቅም፤ የሰማችውም ጫማ ከሚጠርግ አንድ ወጣት ነው፤ እርሱም «እኔ ሲነሡም ሲመለሱም እዚሁ ነበርኩ» ብሎ በኩራት ነገራት። ሐውልት የሚያስታውሰው ዘመን አለው፤ ከቆመ በኋላ የኖረው ሌላ ዘመንም አለው፤ ሁለተኛውን የማይነግር አስጎብኚ ግማሹን ብቻ እንደነገረ እቆጥረዋለሁ።

በመጨረሻ በመስቀል አደባባይ ጥግ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደረስን። ሕንፃው በአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ የተነደፈ ሲሆን በ2002 ዓ.ም ተከፍቷል፤ መግቢያው በነጻ ነው፤ የፈቀደ በሣጥን ውስጥ ይጨምራል። የቆመበት ቦታ ራሱ ይናገራል፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም በደም መሳይ ቀይ ነገር የተሞሉ ጠርሙሶችን እየሰበሩ «ፀረ አብዮተኞችን» ያስፈራሩት በዚሁ፣ ያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው ስፍራ ነው። በበሩ ላይ የቆሙት የሚያለቅሱ ሴቶች ሐውልት ወደዚያው አደባባይ ነው የሚያዩት።

ሙዚየሙን ያስጎበኙ ከነበሩት ሰዎች መካከል ራሳቸው በዚያ ዘመን ታስረውና ተገርፈው የተረፉ እንደነበሩበት በሰፊው ይታወቃል። አስጎብኚያችን ግን ጊዜ ለመቆጠብ ራሱ ሊያስረዳን መረጠ፤ ሰዓቱም 6:20 ሆኖ ስለነበር የተሰጠን አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ስህተት ይቅር ለማለት እቸገራለሁ። ለዚህ ሙዚየም አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ትንሽ ነው። ከወሎው ረሃብና ከንጉሡ መውረድ ተነሥቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም በአንድ ሌሊት የተረሸኑትን 60 ያህል ባለሥልጣናት፣ ከዚያም የግራ ፓርቲዎቹን የኢሕአፓንና የመኢሶንን ዘመን፣ የቀበሌ እሥር ቤቶችን፣ ሰውን በእንጨት ላይ ዘቅዝቆ ውስጥ እግሩን የመግረፍን ወፌ ላላን አሳይቶ፣ መጨረሻው ላይ ከጅምላ መቃብር የወጡ አፅሞች፣ ልብሶች፣ ጫማዎችና የታነቁባቸው ገመዶች ወዳሉበት ክፍል ያደርሳል። መቃብሮቹን በመክፈትና ሟቾቹን በመለየት ሥራ የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች መሳተፋቸውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነሣ የሚገባው ነው፤ አስጎብኚው ወደ በሩ እየገፋፋን ስለነበር አልተነሣም።

አክስቴ ወደ አፅሙ ክፍል አልገባችም። የቆመችው ፎቶግራፎቹ በተደረደሩበት ግድግዳ ፊት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስም የሌላቸውን ሰማዕታት ስንጎበኝ ቆይተን፣ እዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊቶች ከነስማቸው ወደ ታች ሲያዩን ልዩነቱ ያስደነግጣል። አብዛኞቹ የመታወቂያ ፎቶዎች ናቸው፤ ክራባት ያሰሩ፣ አፍሮ ያበጠሩ፣ ለምርቃት የተነሡ ልጆች። በዚያ ዘመን ቤተሰብ እንዲያለቅስ አይፈቀድለትም ነበር፤ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም አሉ። ያ ግድግዳ ሳይለቀስላቸው ለቀሩት ዘግይቶ የተቀመጠ ልቅሶ ነው ለማለት እደፍራለሁ። አስጎብኚው መጥቶ «እትዬ፣ ሰዓት ደርሷል» አላት። እርሷም ዞር ሳትል «እነዚህ ልጆች ምን ሰዓት አላቸው? ትንሽ ታገሠኝ» አለችው። ውኃ ይዞላት የመጣውና አጠገቧ ዝም ብሎ የቆመው ሹፌሩ ነው፤ በግምገማዬ ለእርሱ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ።

ስለ አስጎብኚው ንግግር አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛው የጠራ ነው፤ ድምፁም ይሰማል፤ ነገር ግን ለውጭ አገር ጎብኚዎች ያጠናውን ገለጻ ቃል በቃል ስለሚደግም ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራል። «በ1937 ፋሺስቶች ሕዝቡን ጨፈጨፉ» ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር 1937 ዓ.ም ጣሊያን ከወጣ አራተኛ ዓመቱ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ «በ1977 ቀይ ሽብር ተፋፋመ» ሲል ደግሞ የአብዛኞቻችን ልብ የሄደው ወደ ሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው፤ አንድ አዛውንት ተጓዥም «ያኔማ ድርቅ ነበር» ብለው አረሙት። ሰባት ኢትዮጵያውያን በአማርኛ በሚያዳምጡበት ጉብኝት ላይ ይህ ሊታረም የሚገባው ነው። ሐውልቱ ራሱ የካቲት 12 እየተባለ ዓመቱ ከሌላ ካላንደር ሲመጣ፣ ቀኑ በአንድ እግሩ የቆመ ይመስላል።

ድርጅቱ በስልክ አስተያየት ሲጠይቀኝ ከአምስት ሦስት ሰጠሁ። ሦስቱ ለገነተ ልዑል፣ በየካቲት 12 ሐውልት ፊት ለነበረው ዝምታና ለሹፌሩ ናቸው። የተቀነሱት ሁለቱ ለሙዚየሙ ጥድፊያና ለዘመን አቆጣጠሩ ናቸው፤ የዓድዋውን መግቢያ በትህትና ትቼላቸዋለሁ። ጉብኝቱን ለሁለት እንዲከፍሉት፣ የፒያሳውንና የስድስት ኪሎውን በአንድ ጠዋት፣ ቀይ ሽብርን ለብቻው በሌላ ቀን እንዲያደርጉት ሐሳብ አቀረብሁ፤ በዚያው ዋጋ እንደማይሆን ነገሩኝ፤ ሊገባኝ ይችላል።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ቀኑን አስቦበት እንዲመርጥ ነው። የካቲት 12 ዕለት ስድስት ኪሎ አበባ የሚያስቀምጡ ባለሥልጣናት፣ ሜዳሊያቸውን የደረደሩ አባት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው፣ ሽለላና ቀረርቶ ይበዛበታል፤ መንገዱም ስለሚዘጋ በመኪና መድረስ አይቻልም። ሰው ለመስማት የሚፈልግ በዚያ ቀን በእግሩ ይሂድ፤ ቅርፆቹን ተጠግቶ ለማየት የሚፈልግ ግን ተራ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ነሐሱ ላይ ሳትበረታ፣ ከ3 ሰዓት በፊት ይድረስ። አክስቴ ከመመለሷ በፊት ሁለተኛ ጊዜ የሄደችው እንደዚያ ነው፤ ያለ አስጎብኚ፣ በታክሲ፣ «ስድስት ኪሎ» ብላ ተሳፍራ።